የማይወልቀው ቀለበት

ሞረዳ ሞተር ሲነሳ ድምፁን ሰምቶ ብቻ የትኛው ብሎን እንደላላ የሚናገር መካኒክ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ሲሆን ሠላሳውን ዓመት ያሳለፈው በግሪስና በናፍጣ ሲታጠብ ነው። አሁን አኖ ከተማ ላይ በሚሠራ ባለ ሁለት ፎቅ ትምህርት ቤት ግንባታ ተቀጥሮ፣ የአርማታ ሚክሰሩን፣ የውሃ ፓምፑንና ጄኔሬተሩን ይጠብቃል። ቅዳሜ ከሰዓት ነቀምቴ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ሰኞ በማለዳ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ያለው ሰው እንግዲህ ሚስቱን ይፈራል። ወርቂቱ የምታስፈራ ሆና እንዳይመስላችሁ። ነቀምቴ ላይ የመዘምራን ልብስ የምትሰፋ፣ ስትስቅ የልብስ ስፌት ማሽኗ የማይሰማ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚወዳት ሴት ናት። ሞረዳ የሚፈራው ዝምታዋን ነው። በትዳር ዘመናቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የደረሰበት፤ እሱም እስከ ዛሬ በቅቶታል።

ነገሩ የሆነው ከሃያ አራት ዓመት በፊት ነው። ከተጋቡ ገና ሦስት ወራቸው ነበር፤ እሱም አንገር ጉቲን ላይ የእርሻ ትራክተር ይጠግን ነበር። አንድ ቀን አዲሱ የጋብቻ ቀለበቱ በዘይት ከራሰው ጣቱ ሾልኮ የት እንደገባ ጠፋው። ባዶ ጣቱን ይዞ ቤት ገባና፣ ወርቂቱ ገና ሳትጠይቀው፣ «ወርቅ ሠሪ ጋ ሰጥቼው ነው፣ እንዲያጸዳልኝ» አላት። ወርቂቱ ጣቱን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ከዚያ አፏን ዘጋች። ዘጠኝ ቀን! ምግብ ታቀርባለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ ቃል ግን የለም። በዘጠነኛው ቀን የትራክተሩ ዘይት ሲቀየር ቀለበቱ ከባልዲው ሥር ተገኘ። ሞረዳ በናፍጣ አጥቦት እየሮጠ ቤት ገባ፤ ወርቂቱም አይታ «እሰይ» አለችና እራት አቀረበች። ከዚያች ምሽት ጀምሮ አንድ ትምህርት ይዞ ቀረ፤ ቀለበቱ ከጣቱ ከወረደ የሚስቱ አፍ ይዘጋል።

ስለዚህ አላወለቀውም። ሲሠራም፣ ሲታጠብም፣ ሲተኛም ከጣቱ አልወረደም። ዓመታት ሲያልፉ ጣቱ ወፈረና ቀለበቱ ከመገጣጠሚያው አላልፍ አለ። ሞረዳ ይህን እንደ ሽልማት ቆጠረው። ምሳ ሰዓት ላይ ግራ እጁን ዘርግቶ፣ «እስቲ ወንድ የሆነ ያውልቀው!» እያለ ይፎክር ነበር፤ የሚሞክርም አይጠፋም፣ የተሳካለት ግን የለም።

ችግር የመጣው ኢንጂነር አሜን የሥራው ኃላፊ ሆና ስትመደብ ነው። ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው፣ ያለችውን ግን አትመልስም። በመጀመሪያው ሳምንት በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች፤ ቀለበት፣ ሰዓትና ሐብል ያደረገ ሰው ማሽን አይነካም። ጠዋት ጠዋት ራሷ በር ላይ ቆማ የሠራተኛውን እጅ ታያለች። ሞረዳ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ አምጥቶ ቀለበቱን ከነጣቱ ጠመጠመው።

«ምን ሆነው ነው ኦቦ ሞረዳ?» አለችው።

«ቁስል ነው። ትንሽዬ ቁስል።»

«ይድኑ» ብላ አሳለፈችው። ለሦስት ሳምንት ያህል በየቀኑ «ቁስሉ እንዴት ነው?» ትለዋለች፣ እሱም «እየተሻለው ነው» ይላታል። ይህን ያህል ጊዜ የማይድን ቁስል ሰው ያሳስባል፤ እሷም ጤና ጣቢያ ይሂዱ እያለች መወትወት ጀምራ ነበር።

በዚህ መሐል ያ ሐሙስ ደረሰ። በማግስቱ የፎቁ ወለል፣ ሶሌታው፣ በአርማታ የሚሞላበት ቀን ስለሆነ ሚክሰሩ መታየት ነበረበት። ሞረዳ የሞተሩን ጉልበት ወደ ከበሮው የሚያደርሰው የላስቲክ ቺንጊያ መሰንጠቁን አየና አዲስ ሊያስገባ ተነሳ። ይህን ሥራ እሱና የሚክሰሩ ኦፕሬተር ቢረሳው መቶ ጊዜ ሠርተውታል። ደንቡ ሞተሩን የያዙትን ብሎኖች አላልቶ፣ ሞተሩን ገፍቶ፣ ቺንጊያውን አስገብቶ መልሶ ማጥበቅ ነው። እነሱ ግን ብሎን የሚያላላ ትዕግሥት የላቸውም። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ቢረሳው ማስነሻውን ማኖቬላ በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞራል፣ ሞረዳ ደግሞ ቺንጊያውን በጣቶቹ እየመራ በሚዞረው የፑሊ ጎማ ላይ ያወጣዋል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በመላው ወለጋ ሥራ ላይ ያለ መካኒክ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው ይላል ሞረዳ፤ ምናልባትም እውነቱን ነው።

«አያ ሞረዳ፣ ላዙር?» አለ ቢረሳው። ወላጆቹ ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ ናቸው፤ ተወልዶ ያደገው እዚያው ቢሆንም አነጋገሩ ከእናቱ ቤት አልወጣም። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ ምላሱ ደግሞ ዕረፍት አያውቅም።

«አዙር። ቀስ እያልክ።»

ቢረሳው አዞረ። የዚያን ዕለት ግን የቴፑ ጫፍ ተልጦ ነበር። የሚያጣብቀው ጎኑ አዲሱ ቺንጊያ ላይ ተለጠፈና ጣቱን ይዞት ሄደ። ሞረዳ እጁን ሊስብ ሲል ቀለበቱ ከፑሊው ጠርዝና ከቺንጊያው መሐል ገባ። የጮኸው ጩኸት ፎቁ ላይ ፌሮ የሚያስሩትን ሁሉ አስቆመ። ቢረሳው ወዲያው ወደ ኋላ ስላዞረው ጣቱ ወጣ። አልተቆረጠም፤ ደሙም ብዙ አልነበረም። ቀለበቱ ግን ክብነቱ ቀርቶ እንደ ባቄላ ተጨፍልቆ ሥጋው ውስጥ ገብቷል።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ጣቱ አብጦ በሁለቱም በኩል ቀለበቱን ሊውጠው ደርሷል። ሲስተር ሊሊሴ ቴፑን ላጠችና ጣቱን አገላብጣ አየችው።

«ኦቦ ሞረዳ፣ አጥንቱ የተሰበረ አይመስለኝም። ደሙ ግን እየተዘዋወረ አይደለም። ቀለበቱ አሁኑኑ መቆረጥ አለበት። እኛ ጋ መቁረጫው የለም፤ ሽቦ መቁረጫ ፒንሳችሁን ስጡኝ፣ ላጽዳውና እቆርጠዋለሁ።»

«አይቆረጥም» አለ ሞረዳ።

«ምን አሉኝ?»

«ቀለበቱ አይቆረጥም። ሌላ ነገር ፈልጊ፣ ማሎ፣ እባክሽ።»

ሲስተር ሊሊሴ በሥራዋ ብዙ ጉድ አይታለች፤ ከጣቱ ይልቅ ለቀለበቱ የሚሟገት ሰው ግን አልገጠማትም። ሳሙና ሞከረች፣ ቫዝሊን ሞከረች፣ ክር በጣቱ ላይ ጠምጥማ ሳበች። ሞረዳ ላብ በላብ ሆነ እንጂ ቀለበቱ አልተነቃነቀም። በመጨረሻ ሰዓቷን አየች።

«አሁን አራት ሰዓት ነው። ነቀምቴ መቁረጫ ያለው ክሊኒክ እጽፍልዎታለሁ። ከሰዓት በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ይሄ ቀለበት እዚህ ካለ፣ ማታ የምንነጋገረው ጣት ስለ መቁረጥ ነው። ሰምተውኛል?»

ሰምቷታል። ያለዚያ ጣት ቁልፍ አይጨብጥም፣ ብሎን አያዞርም፤ ሠላሳ ዓመት ያበላው እጁ ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። ይሁንና ከዚያ ፍርሃት ጎን ሌላው ፍርሃት ተቀምጦ ነበር፤ ወርቂቱና ዘጠኙ ቀን።

ወደ ነቀምቴ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ቢረሳው ከጎኑ ተቀመጠ። ሞረዳ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ እንዲይዝ ሲስተር ሊሊሴ ስላዘዘችው፣ መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጣቱን ሲያይ ዋለ። ዝም ብሎ ማየት ደግሞ የለም።

«ቅቤ ነው የሚያወልቀው» አሉ ከፊት የተቀመጡ ሽማግሌ። «ያልተነጠረ ቅቤ።»

«ኧረ አባባ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ነው» አለች ዶሮ ታቅፋ የተቀመጠች ሴት። «የእህቴ ቀለበት በውሃ ነው የወጣው።»

«እህትሽ ስንት ኪሎ ናት?» አለ ሌላው፣ መኪናውም በሳቅ ተሞላ። ሽማግሌው ከዘንቢላቸው ቅቤ አውጥተው ቀቡት፣ ሴትዮዋ የፕላስቲክ ውሃዋን አፈሰሰችበት፣ ረዳቱም ሒሳብ መቀበሉን ትቶ ሊጎትት ቀረበ። ሞረዳ «ያ ዋቃዮ!» ብሎ ሲጮህ ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘና ዶሮዋ አመለጠች። ዶሮዋ እስክትያዝ ድረስ ስለ ቀለበቱ ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ጣቱ ግን ወይን ጠጅ መልክ እየያዘ ነበር። ሞረዳ ራሱ አየው።

«ቢረሳው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መቆረጡ ካልቀረ አንድ ሐሳብ አለኝ። ከመናኸሪያው በፊት እንውረድ። ክሊኒክ ሄደን እናስቆርጠው፤ ከዚያ ወርቅ ሠሪ ጋ ወስደን እናስበይደው። እብጠቱ እስኪጎድል ሥራ በዛ ብዬ ሁለት ቅዳሜ ከቤት እቀራለሁ። ወርቂቱ አታውቅም።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ ቢረሳው፣ ዓይኑን ግን ወደ መስኮቱ አደረገ። ከአፉ ሦስት ቃል ብቻ መውጣቱ ራሱ ነገር እንዳለ ያስታውቅ ነበር፤ ሞረዳ በሕመሙ ምክንያት ልብ አላለውም።

«እዚህ ጋ ወራጅ አለ!» አለ ሞረዳ ከተማው ሲጀምር።

«ወራጅ የለም!» አለ ቢረሳው ከሱ በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ንዳው ወንድሜ፣ መናኸሪያ ነን።»

«ምን ነካህ አንተ?»

«አያ ሞረዳ፣ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ሆኜ ለወርቂቱ ደውዬላታለሁ» አለ ቢረሳው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ማኖቬላውን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ጣትህ ቢቆረጥ ዕድሜ ልኬን በምን ዓይኔ አይሃለሁ? አንተ እሷን ስትፈራ እኔ ደግሞ ጣትህን ፈራሁልህ። ከፈለግክ ተቀየመኝ።»

ሞረዳ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፣ ጊዜ ግን አላገኘም። ሚኒባሱ መናኸሪያ ገባ፤ ወርቂቱም በሩ በሚከፈትበት ቦታ ቆማ ነበር። የልብስ መለኪያው ሜትር አንገቷ ላይ ነው፣ ቀሚሷ ላይ ነጭ የክር ቁርጥራጭ ተለጥፏል። ማሽኗን እንኳ ሳትሸፍን ነው የወጣችው።

«አከም ጅርታ፣ ሃዳ ኢቢሳ?» አላት ሞረዳ፣ እንደ ሰላም ጊዜ ቀኝ እጁን ዘርግቶ፣ ግራውን ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ። ኢቢሳ የበኩር ልጃቸው ነው፤ ሁለቱም የሚጠራሩት የኢቢሳ እናት፣ የኢቢሳ አባት እያሉ ነው።

«ያኛውን» አለች ወርቂቱ።

ግራውን አወጣ። ወርቂቱ ጣቱን አየች። ከዚያ ፊቱን አየች። ከዚያ አፏን ዘጋች።

ሞረዳ ያንን አፍ ያውቀዋል። ሦስቱም ባጃጅ ውስጥ ገቡ፤ ወርቂቱ የክሊኒኩን ስም ለሾፌሩ ነገረችና ወደ ፊት ብቻ ማየት ጀመረች። ባጃጁ ሽቅቡን እየተንቀጠቀጠ ሲወጣ ሞረዳ በልቡ ቀን መቁጠር ያዘ። ዛሬ አንድ። ቅዳሜ ሦስት። እስከሚቀጥለው ዓርብ ዘጠኝ ይሞላል። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ የሚችለው አልመሰለውም።

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበላቸው ባይሳ የሚባል ነርስ ነው። ከመሳቢያው ቁልፍ የምትመስል፣ አነስተኛ ጥርስ ያላት ጎማ የተገጠመባት መሣሪያ አወጣ። «ይሄን ከቀለበቱ ሥር አስገብቼ በእጄ አዞረዋለሁ፤ ቀስ እያለ ይቆርጠዋል። ልጀምር?» ብሎ ሞረዳን ጠየቀው።

ሞረዳ ወርቂቱን አየ።

«ቁረጠው» አለች ወርቂቱ፣ ለነርሱ።

መሣሪያዋ ከር ከር ማለት ጀመረች። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ነው። ክፍሉ ውስጥ ከዚያች ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም፤ ቢረሳው እንኳ በር ላይ ቆሞ ጸጥ ብሏል። ሞረዳ ጣቱን ያመዋል፣ ከጣቱ ይልቅ ግን ዝምታው አመመው። መጨረሻ ላይ ገነፈለ።

«ሃዳ ኢቢሳ፣ ቁስል ነው ብዬ ነው የዋሸኋቸው! ቁስል አልነበረም። ኢንጂነሯ አውልቁ ስትል በቴፕ ሸፈንኩት። ቴፑ ነው ጣቴን የወሰደው። ሲስተሯ አኖ ላይ ልቁረጠው ስትለኝ እምቢ አልኩ። ከዚያ ደግሞ አንቺ ሳታውቂ ቆርጬ ላስበይደው ነበር። ሁለት ቅዳሜ ቤት ሳልመጣ ልቀር ነበር። ይኸው ነው፤ ሌላ የለም!»

ነርሱ ማዞሩን አቆመ። ወርቂቱ ዞር ብላ አየችው።

«ያኔስ?» አለች።

«መቼ?»

«አንገር ጉቲን። ወርቅ ሠሪ ጋ ሰጠሁት ያልከኝ ጊዜ።»

ሞረዳን ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም። «የትራክተሩ ዘይት ውስጥ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ! በማግስቱ ወርቅ ሠሪው ጋ ሄጄ ጠየቅኩት። ‹ባልሽን አላውቀውም› አለኝ። ዘጠነኛው ቀን ላይ ስታመጣው ደግሞ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። ወርቅ በናፍጣ የሚያጸዳ ወርቅ ሠሪ የት አገር ነው ያለው?» ቢረሳው በር ላይ ሳቁ አምልጦት አፉን ያዘ። ወርቂቱ ግን አልሳቀችም። «ቀለበቱ ምን ሊያደርገኝ? ብረት ነው፣ ይጠፋል። እኔ የተናደድኩት ገና ሳልጠይቅህ ስለዋሸኸኝ ነው። አንተ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ የተማርከው ቀለበት መያዝ ሆነ። አሁን ደግሞ ጣትህ እየሞተ እኔን ፈራህ። አባ ኢቢሳ፣ እኔ ይህን ያህል ክፉ ሴት ነኝ? ለቀለበት ብዬ ጣትህን የምሰጥ ሴት ነኝ?»

ሞረዳ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

«አይደለሽም» አለ። «ግን ዘጠኝ ቀን እኮ ነው፣ ወርቂቱ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አላናገርሽኝም።»

«ዘጠኝ?» ወርቂቱ በመሐረቧ ዓይኗን ጠረገች። «እኔ የተቆጣሁት ሦስት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ንዴቴ አልቆ ነበር። እውነቱን ትነግረኛለህ ብዬ ማታ ማታ እጠብቅሃለሁ፤ አንተ አጎንብሰህ ትበላለህ፣ ግድግዳ አይተህ ትተኛለህ። ዝም ስትለኝ እኔ ከየት ልጀምር? ሦስቱ የእኔ ነው፣ አልክድም። ስድስቱ ቀን የማን ነበር?»

ሞረዳን እውነትም በእነዚያ ቀናት አንድ ቃል እንኳ እንዳልተናገራት አሁን ገና ትዝ አለው። የእሷ ዝምታ እያለ ሃያ አራት ዓመት ሲፈራው የኖረው ነገር አብዛኛው የራሱ ዝምታ ነበር። አንዴ ነርሱን፣ አንዴ ቢረሳውን አየ፤ ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ።

«የእኔ ነበር» አለ።

ነርሱ ማዞሩን ቀጠለ፤ መሣሪያዋም ጠቅ አለች። ባይሳ የተቆረጠውን ቀለበት በሁለት ፒንሳ ፈልቅቆ ሳህኑ ላይ ጣለው። በሥሩ የነበረው ቆዳ እንደ ሕፃን ቆዳ ነጭና የተሸበሸበ ነበር። ከዚያ ደሙ ተመለሰ። ሲመለስ የተሰማው ሕመም በቃል አይነገርም፤ ሞረዳ እያነባ ይስቅ ነበር፣ ወርቂቱም ሌላኛውን እጁን አጥብቃ ይዛ «ጀባዱ፣ ጀባዱ፣ በርታ» ትለው ነበር።

«አሁን ጣትዎን አጠፍ ያድርጉት» አለ ነርሱ።

ሁሉም አጎንብሰው አዩ። ጣቱ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ከዚያ ትንሽ፣ የእህል ፍሬ ያህል ታጠፈ። ቢረሳው «ተመስገን!» ብሎ ሲጮህ ከጎረቤት ክፍል ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች በር ላይ ተኮለኮሉ። ባይሳ ጣቱ እንደሚተርፍ፣ ነገር ግን ለሦስት ሳምንት ቁልፍ እንደማይጨብጥ ነገራቸውና ቁስሉን ማሸግ ያዘ።

በዚህ መሐል የሞረዳ ስልክ ጠራ። ኢንጂነር አሜን ነበረች። ሶሌታው ለሰኞ መተላለፉን ነግራው፣ «ቁስሉ አመርቅዞ ነው እንዴ ማሽን ውስጥ የገባብዎት?» አለችው። ሞረዳ ወርቂቱን አየት አደረገ።

«ቁስል አልነበረም ልጄ፤ ቀለበት ነው» አላት። «ዋሽቼሽ ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቺንጊያውንም ብሎን ሳላላላ በጣቴ ነው ሳስገባ የነበረው። ሰኞ መጥቼ ራሴ ለሁሉም እነግራለሁ።»

«ለማንኛውም ይተርፉልን እንጂ» አለች አሜን፤ ቀጥላም ከሰኞ ጀምሮ ጥገና ሲሠራ ማኖቬላው ከሞተሩ ወጥቶ እሷ ቢሮ እንደሚቀመጥ ነገረችው። ሞረዳ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይከራከር ነበር፤ አሁን «እሺ» አለ።

ስልኩን ሲዘጋ ወርቂቱ እየሳቀች አገኛት፤ ያ የማሽኗን ድምፅ የሚሸፍነው ሳቋ ነው። ተነሳችና የጃኬቱን ኮሌታ አስተካከለችለት።

«በል፣ ዛሬ አፍህ ከተከፈተ ሌላም ካለ ጨርሰው» አለችው። «የደበቅከኝ ነገር አለ?»

ሞረዳ «የለም» ሊል ነበር። ቃሉ ጥርሱ ጋ ደርሶ ተመለሰ።

«አለ» አለ። «ባለፈው ፋሲካ የሰፋሽልኝ አረንጓዴ ሸሚዝ፣ ብብቴ ሥር ይጠበኛል። ላንቺ ለመናገር ፈራሁና ለሰው ሰጠሁት።»

«ለማን?»

በር ላይ የቆመው ቢረሳው የጃኬቱን ዚፕ ቀስ አድርጎ እስከ አንገቱ ድረስ ሳበው። ወርቂቱ አየችው። ሄዳ ዚፑን መልሳ ዝቅ አደረገችና፣ ሸሚዙን በአንገቷ ባለው ሜትር ከትከሻ እስከ ብብት ለካችው።

«ላንተ ደግሞ ሰፍቶሃል፤ ነገ ይዘኸው ና፣ አጠብብልሃለሁ» አለችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ቀጥል፣ አባ ኢቢሳ። ሌላስ?»

ሞረዳም የደበቀውን አንድ በአንድ መናገሩን ቀጠለ።